ሂሳብ የማይቀበለው የቡሬው ምግብ ቤት

ጎጃም የሄድኩት ሂሳብ ልቀበል ነው። ይህን አስቀድሜ የምናገረው፣ ከተመለስኩ ወዲህ ያገኘኝ ሁሉ «ጢስ ዓባይን አየሽ? ግሽ ዓባይ ተጠመቅሽ?» እያለ ስላደረቀኝ ነው። አላየሁም፤ አልተጠመቅሁም። ያየሁት አንድ ግቢ፣ አንድ አጥርና አንድ ግትር ሽማግሌ ነው። እዚያ ለማትሄዱት እሱን ልንገራችሁ። ለምትሄዱት ደግሞ ምክሬ አንድ ነው፦ ከመሄዳችሁ በፊት ምንም አትብሉ።

ትርንጎና እኔ አዳማ አንድ ሆቴል ውስጥ ነው የተዋወቅነው። እሷ ወጥ ቤት፣ እኔ ካሸር። አንድ ክፍል ተከራይተን አብረን ኖርን። እሷ ስታበስል እኔ እበላለሁ፤ እኔ ስናገር እሷ ትሰማለች፤ ተስማምተን ነበር። ባለፈው ክረምት ድንገት ሥራዋን ተወችና አገሯ ገባች። ከቡሬ ወጣ ብሎ አባቷ ግቢ ውስጥ ምግብ ቤት ልከፍት ነው አለች። የቆጠበችው ሁሉ እዚያ ገባ። ቲክቶክ ላይ የለቀቀችውን ቪዲዮ አይቼዋለሁ፤ «ከማሳ ወደ ማዕድ» ይላል። ድንች ከአፈር ሲወጣ፣ ማር ሲቆረጥ፣ ጠጅ ብርሌ ላይ ሲፈስ ያሳያል። መጨረሻ ላይ በወይን ሐረግ ጥላ ሥር ነጭ ጨርቅ የለበሰ ረጅም ጠረጴዛ አለ። ፈረንጆቹ ወይን እርሻቸው መሀል ተቀምጠው የሚበሉትን ነው የሚመስለው። እኔ ቀናሁ፤ ለምን እዋሻለሁ።

ታዲያ በጥር ወር፣ ጥምቀት ባለፈ በሳምንቱ፣ ደወለችልኝ። ቅዳሜ ከባሕር ዳር አንድ ሚኒባስ ሙሉ እንግዳ ይመጣልኛል፣ ሂሳብ የሚቀበል ሰው አጥቻለሁ፣ ነይልኝ አለች። እጅ የለሽም ወይ ብዬ ጠየቅኋት። «ነይና ታዪዋለሽ» አለችኝ። ቀጥላም ያንን በለሆሳስ የምትናገረውን ቃሏን አወጣች። የሆቴላችን ባለቤት እስከ ማክሰኞ ቁርጡን ካሳወቅሽኝ ቦታሽን እጠብቅልሻለሁ ብሏታል። ከዚህ ቅዳሜም ባዶ እጇን ከወጣች ምግብ ቤቱን ዘግታ ወደ አዳማ ትመለሳለች።

እኔ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ብትመለስልኝ ደስ ይለኛል። ክፍሉ ያለ እሷ የቲማቲም ሳጥን ነው የመሰለው። ቢሆንም ፈቃድ ጠይቄ ተነሳሁ።

ሐሙስ

ረቡዕ ማታ አዲስ አበባ አክስቴ ቤት አድሬ ሊነጋጋ ሲል አውቶቡስ ተሳፈርኩ። እናቴ በስልክ የጠየቀችኝ «መንገዱ ሰላም ነው አሉሽ?» ብላ ብቻ ነው። አዎ አልኳት፤ እኔ ምን አውቄ። ኬላ በደረስን ቁጥር እየወረድን ተፈተሽን፤ እየተሰለፍን ተሳፈርን። እንዲህ ብዙ ጊዜ እጄን ወደ ላይ ያነሳሁት ቸርች የወሰደችኝ ጓደኛዬ ጋ ብቻ ነው።

ከጎኔ አንድ መሪጌታ ተቀምጠዋል። ገና ጎሐ ጽዮን ሳንደርስ ማን እንደሆንኩ፣ ለምን እንዳላገባሁ፣ ንስሐ አባት እንዳለኝና እንደሌለኝ አጣርተው ጨረሱ። ይህን ሁሉ ሲጠይቁ አንድም ጥያቄ አልጠየቁም። «በእናንተ አገር ልጃገረዶች ቶሎ ይዳራሉ መሰለኝ» ይላሉ፤ እኔ ራሴ ዘርግፌ እነግራቸዋለሁ። አዳማ ላይ ሰው ሊጠይቅሽ ከፈለገ ይጠይቅሻል፤ ልትመልሺ ካልፈለግሽ ትሰድቢዋለሽ፤ አለቀ። እዚህ ግን ተዘርፌ ካለቅሁ በኋላ ነው ኪሴ እንደተዳበሰ የገባኝ።

ዓባይ በረሃ ስንወርድ ፍሬኑ መሽተት ጀመረ። ሾፌሩ መስታወት ላይ ያለችውን የእመቤታችንን ሥዕል አንድ ጊዜ ነካ አድርጎ ዘፈኑን ቀጠለ። መሪጌታው ጸሎት ያዙ፤ እኔም የማላውቀውን ግእዝ አብሬያቸው አጉተመተምኩ። የእኛ አገር መሬት ሜዳ ነው፤ እግዚአብሔርን የምንጠራው ለሙቀቱ ብቻ ነው። ደጀን ስንወጣ መሪጌታው ከከረጢታቸው ድፎ ዳቦ አወጡና ትልቁን ቁራሽ ለእኔ ሰጡኝ። «በፍርሃት የደከመ ሰው መብላት አለበት» አሉ። እሳቸው ያልፈሩ ይመስል።

ፍኖተ ሰላም የገባነው አመሻሽ ላይ ነው። ያገኘሁት አልጋ ንጹሕ ነው፤ ሻወሩ ግን ሁለት ጠብታ አንጠብጥቦ ተሰናበተኝ። ፀጉሬ ሳሙና እንደለበሰ በፎጣ ብቅ ብዬ ተጣራሁ። የአልጋ ቤቱ እመቤት «ኧረግ፣ የሰው ልጅ!» ብለው የራሳቸውን የመታጠቢያ ውሃ በባልዲ ይዘው መጡ። ውሃው ለብ ብሏል፤ ለራሳቸው ያሞቁት ነው። አዳማ ቢሆን ቅሬታሽን ለማናጀር አቅርቢ ይሉሻል፤ ማናጀሩም የለም።

ዓርብ

ጠዋት ቁርስ ጥብስ አዘዝኩ። አስተናጋጁ አጎትህን ጠብሰህ አቅርብልኝ ያልኩት ይመስል አየኝ። ዓርብ መሆኑን የረሳሁት እኔ ብቻ ነበርኩ። እኛ ጋ ዓርብ ቀን ሥጋ የሚፈልግ ሰው ከመጋረጃ ጀርባ ገብቶ ይበላል፤ መጋረጃ መኖሩንም ሁሉም ያውቃል። እዚህ መጋረጃም የለም። ሽሮ በላሁ። ሽሮው ግን፣ መቼም የሆቴላችን ሰዎች ይቅር ይበሉኝ፣ የእኛ ሽሮ በቢጫ ቀለም የተቀቀለ ውሃ መሆኑን ያወቅሁት ያን ጠዋት ነው።

በሚኒባስ ቡሬ ገባሁና ከዚያ ባጃጅ ያዝኩ። ባጃጁ ከአስፋልቱ ወጥቶ በቆሎ በታጨደበት ማሳ መሀል ባለች ጥርጊያ መንገድ ትንሽ እንደሄደ አፈሩ ውስጥ ጎማው ተቀረቀረ። ልጁ «ውረጂና ግፊ» አለኝ። ነጭ ስኒከር አድርጌአለሁ። ገፋሁ። ጎማው ሲነሳ የአፈሩ ግማሽ እኔ ላይ አረፈ። እንደዚያ ሆኜ ነው ትርንጎ ደጅ የደረስኩት። እሷም ሳመችኝና መጀመሪያ ያለችው «አመድ ላይ ተኝተሽ ነው የመጣሽው?» ነው። ከመሄዷ በፊት እንዲህ አትናገርም ነበር፤ አገሯ ገብታ ምላስ አብቅላለች።

ግቢው ያምራል። ክብ አጥር፣ መሀል ላይ ሁለት ቆርቆሮ ቤትና ማድ ቤት፣ ከኋላ የአትክልት ቦታ፣ ከደጁ በኩል ያች የቪዲዮዋ ዳስ። የወይን እርሻ ግን የለም። ያለው አንድ ግንድ ወይን ነው፤ ዳሱ ላይ ወጥቶ ተዘርግቷል። ትርንጎ እሱን አንዱን ሐረግ ከሁሉም በኩል እየዞረች ቀርጻ ነው እርሻ ያስመሰለችው። እርሻው የታለ አልኳት። «ጠጁን ቅመሺና ዝም በይ» አለች። ጠጁን የምትጥለው እናቷ ወይዘሮ የኔዓለም ናት፤ ማሩ ከግቢው ቀፎዎች የተቆረጠ ነው። ቀመስኩት። ስለ ወይን ሁለተኛ አልጠየቅሁም።

አባቷን፣ አያ ሽባባውን፣ ያገኘሁት በንቦቹ ምክንያት ነው። ከአቧራው በኋላ ታጥቤ ሽቶዬን ነፋ ነፋ አድርጌ ነበር። ቀፎዎቹ አጠገብ ሳልፍ አንዷ ንብ ከንፈሬ ላይ አረፈች። ስጮህ ረጅም ሽማግሌ በእርጋታ መጥተው እሾሁን በጥፍራቸው አወጡና «ንቦቻችን ሽቶ አያውቁም፤ አበባ መስለሻቸው ነው» አሉኝ። ወይዘሮ የኔዓለም የሆነ ቅጠል ጨምቃ ቀባችልኝ። ከንፈሬ ግን እያበጠ እያበጠ ሄዶ እስከ ማታ የሌላ ሰው ከንፈር ሆነ። አያ ሽባባው በገዛ እጃቸው አልጋቸውን ለቀው ለእኔ አነጠፉ። እምቢ ስል «እንግዳ መሬት ላይ ተኝቶ እኔ አልጋ ላይ?» ብለው ጉዳዩን ዘጉት። እኔማ ምን የመሰለ አባት አልኩ።

ቅዳሜ

የነቃሁት ትርንጎ የሆነ ነገር ስትፈልግ ነው። የዋጋ ሰሌዳዋ ጠፍቷል። ሰማያዊ ጣውላ ላይ በነጭ ቀለም ያስጻፈችው፣ የዶሮ ወጥ ይህን ያህል፣ ብርሌ ጠጅ ይህን ያህል የሚል። ዳሱን፣ ጎተራውን፣ አትክልቱን ዞርን። በመጨረሻ ያገኘነው ጥጃዎቹ ጋ ነው። አያ ሽባባው የጥጃ በረት በር አድርገው ገጥመውታል፤ ጽሑፉን ወደ ውስጥ አዙረው። ዋጋውን የሚያነበው ጥጃው ነው። «ስንተኛ ጊዜው እንደሆነ አትጠይቂኝ» አለች ትርንጎ። «መጀመሪያ የእህል መክደኛ ነበር፤ ቀጥሎ የውሻ ቤት ጣራ።»

እንግዲያውስ ተናገሪያቸው አልኳት። ተናግሬአለሁ አለች። እንዴት ብለሽ? «አብዬ፣ ሰሌዳው አልታየዎትም ወይ ብዬ።» ይሄ ነው መናገር ማለት፤ በጎጃም።

ያኔ ነው ሂሳብ ተቀባይ ለምን እንዳስፈለጋት የነገረችኝ። ምግብ ቤቱን ከከፈተች ጀምሮ የመጣው እንግዳ ብዙ ነው፤ የከፈለው ግን ጥቂት። አባቷ ገበያ የዋሉ ቀን የመጣው ይከፍላል። እሳቸው ቤት ካሉ ማንም አይከፍልም። በር ላይ ይቀበላሉ፣ እግር ያጥባሉ፣ ጠጅ ይቀዳሉ፤ ሰውየው ኪሱን ሲዳብስ እጁን ይይዛሉ። ግቢያቸው ውስጥ የገባ ሰው በልቶ እንዲከፍል ማድረግ እሳቸው ዘንድ እናትን ገበያ አውጥቶ ከመሸጥ አይለይም። ሰው ደግሞ ይህን ወሬ ሰምቷል፤ ስለዚህ ይበልጥ ይመጣል። የትርንጎ ቁጠባ በሰው ሆድ እየገባ ነው። አባቷ ፊት ቆማ ሂሳብ እንዳትቀበል ልጃቸው ናት፤ ታፍራለች። እኔ ግን ባዳ ነኝ፣ አፌም ክፉ ነው፤ ለዚያ ነው የተመረጥኩት።

ዶሮዎቹ ሊታረዱ ሲሉ አያ ሽባባው ቢላቸውን ስለው መጡ። እዚህ ሴት አታርድም፤ ምግብ ቤቱ የሴት ቢሆንም ቢላው የእሳቸው ነው። ወደ ምሥራቅ አዙረው ባረኩና ጨረሱ። እኛ ሽንኩርት ላይ ስንጣደፍ ሌላ ድምፅ ሰማን። በግ ጨምረዋል። ማንም አላዘዛቸውም። «ከባሕር ዳር ድረስ ለሚመጣ ሰው ዶሮ ብቻ?» አሉ፤ ቅር ብሏቸው። ትርንጎ ሽንኩርቱን መቁረጥ አቁማ ሣቀች። ከዚያ ሣቋ አለቀና መቁረጧን ቀጠለች።

እንግዶቹ እኩለ ቀን ላይ ደረሱ። አንድ መሥሪያ ቤት አብረው የሚሠሩ ሰዎች ናቸው፤ አለቃቸው ባርኔጣ ያደረገ ቀልደኛ ሰው ነው። እኔ ዳሱ መግቢያ ላይ ቦርሳዬን አንግቤ፣ ከንፈሬን አሳብጬ ቆሜአለሁ። አንዷ ሴትዮ አይታኝ በሐዘኔታ ጉንጬን ዳሰሰችኝ፤ ባል የደበደበኝ መስሏት ይሆናል።

ምግቡን ልግለጸው ብል ይጨንቀኛል። የዶሮው ወጥ ጠቁሮ የሚያብረቀርቅ ነው። በርበሬው የግቢው፣ ቅቤው የግቢው፣ እንቁላሉም ትናንት ግቢው ውስጥ የተጣለ ነው። ድንቹ ከአመድ ወጥቶ በአዋዜ ቀረበ። እርጎው በማንኪያ ሲነካ ይቆማል። ሆቴላችን ውስጥ ዶሮ ወጥ ስናዝ ዶሮው ከየት እንደመጣ የሚያውቅ ሰው አልነበረም፤ አንዳንድ ቀን ዶሮ መሆኑም ያጠራጥር ነበር። እዚህ ግን የበላሁትን ዶሮ ጠዋት በስም ሲጠሩት ሰምቼአለሁ።

አያ ሽባባው ጋቢያቸውን አጣፍተው ከአንዱ ወደ ሌላው ይዞራሉ። ብርሌ መጉደል የለም። ባለ ባርኔጣው ሰውዬ ጠግቤአለሁ ሲል «ቀመሱት እንጂ ምኑን በሉት» ይላሉ። ሰዎቹ ለምደውታል፣ ይሣቃሉ፣ ይመርቃሉ። ሊነሱ ሲሉ ሰውዬው ወደ እኔ መጣና ገንዘቡን ሰጠኝ። አጣጥፌ ቦርሳዬ ውስጥ ልክተት ስል ከጀርባዬ አንድ እጅ መጣ። እጁ እንደ ሞፈር ነው። ገንዘቡን ከጣቶቼ መሀል በቀስታ አላቀቁና የሰውዬው ኮት ኪስ ውስጥ መልሰው ከተቱት፤ ኪሱንም ከላይ መታ መታ አደረጉት።

«አባታችን፣ ምግብ ቤት ነው ብለን እኮ ነው የመጣነው» አለ ሰውዬው።

«ቤት ነው» አሉ አያ ሽባባው።

እኔ ከዚያ በኋላ ያልሞከርኩት የለም። ሚኒባሱ በር ላይ ሄጄ ቆምኩ፤ እሳቸውም ሄደው ቆሙ። ሰውዬው በመስኮት ሊወረውርልኝ ሲል እሳቸው አንድ ጠርሙስ ማር በመስኮት አስገቡለት። ሚኒባሱ መርቆ፣ ጥሩምባ ነፍቶ ሄደ። ባዶ ቦርሳ አንግቤ ቀረሁ። ካሸር ሆኜ ስሠራ ሂሳብ ጎድሎብኝ ያውቃል፤ ማር የተጨመረበት ጉድለት ግን የመጀመሪያዬ ነው።

ትርንጎ አልተቆጣችም። ዕቃ አጠበች፣ ጨርቆቹን ሰበሰበች፣ ከመተኛቷ በፊት «ማክሰኞ አብረን እንሄዳለን» አለችኝ። ለአባቷ አልነገረቻቸውም። እኔም ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፤ ክፍሌ ሰው ሊገባበት ነው። ጣራውን እያየሁ ቀረሁ።

እሑድ

ቤተ ክርስቲያን አብሬ ሄድኩ። ቅዳሴው ሲያልቅ ትርንጎና እናቷ ከሴቶቹ ጋር ቀሩ፤ እኔ ከአያ ሽባባው ኋላ ኋላ እየሄድኩ ወደ ቤት አቀናን። የሚያገኛቸው ሰው ሁሉ ስለ ቅዳሜው እንግዶች ይጠይቃቸዋል። እሳቸውም ደስ ብሏቸዋል፤ እንዴት እንደበሉ፣ እንዴት እንደመረቁ እየደጋገሙ ይነግራሉ። እኔ ሦስቴ ታገሥኩ። መጨረሻ ላይ አመለጠኝ።

«ልጅዎ ማክሰኞ አዳማ ትሄዳለች» አልኳቸው።

ቆሙ። ለጥየቃ ነው የመሰላቸው።

«ለመኖር ነው። ምግብ ቤቱ ከስሮ። ያከሰሩት እርስዎ ነዎት።»

እንደዚህ ነው ያልኩት፤ ቃል ሳልጨምር፣ ሳላለሰልስ። ሽማግሌ ፊት እንዲህ መናገር ነውር መሆኑን አውቃለሁ። ግን በዚያ አገር ሰው ሁሉ በዙሪያው እየዞረ ነገሩን ሲያየው ከርሟል፤ አንድ ሰው መሀሉን መርገጥ ነበረበት። ቀጥዬም ቁጠባዋ እንዳለቀ፣ ሆቴሉ እንደሚጠብቃት፣ የሰው ሽንኩርት ስትጠብስ እንደምትኖር ነገርኳቸው። ለምን ራሷ አልነገረችኝም አሉ። ሰሌዳው የት ገባ እያለች ስትነግራቸው እንደከረመች ነገርኳቸው።

በትራቸውን መሬቱ ላይ ጫን ጫን አደረጉ። ከዚያ ቀስ ብለው መናገር ጀመሩ። በርበሬ እሸጣለሁ፣ በቆሎ እሸጣለሁ፣ ማር እሸጣለሁ፣ ገበያ ወጥቼ መከራከር አላፍርም አሉ። «ግን አጥሬን አልፎ የገባ ሰው ጎርሶ ሲያበቃ እጄን ልዘርጋበት? እናንተ አገር ሰው ቤታችሁ መጥቶ በልቶ ከፍሎ ይሄዳል?»

«እኛ ቤት አከራያችን ብቻ ናት የምትመጣው» አልኳቸው። «እሷም አትበላም።»

አልሣቁም። ይልቅ አዘኑልኝ መሰለኝ። ቤት ስንደርስ ምሳ አልበሉም። ከአጥሩ ጋር ሲዞሩ፣ ዳሱን ሲያዩ፣ መልሰው ሲዞሩ ዋሉ። ሰንበት ነውና የያዙት መሣሪያ የለም፤ በእጃቸው ብቻ አንዳንዱን ቋሚ ይነቀንቃሉ። ትርንጎ ምን ሆነው ነው አለችኝ። ነገርኳቸው አልኳት። ፊቷ ደም መሰለ። እስከ ማታ አላናገረችኝም፤ እኔም ከዚህ በኋላ ብትመጣም አብራኝ የምትኖር አልመሰለኝም።

ሰኞ

የቀሰቀሰኝ የዶማ ድምፅ ነው። ስወጣ አያ ሽባባው አጥራቸውን እየነቀሉ ነው። ከደጁ በኩል ያለውን ቋሚ አንድ በአንድ አውጥተው ወደ ውስጥ፣ ከዳሱ በስተዚህ፣ አዲስ ጉድጓድ ቆፍረው ይተክላሉ። ሁለት ጎረቤቶች ማገር ያቀብላሉ። ማንም ለምን ብሎ አይጠይቅም። እኔ ጠየቅሁ።

«ገበያ ከአጥር ውጪ ነው» አሉኝ፤ ላብ እየጠረጉ። «ከዚህ ወዲያ ያለው ገበያ ነው። ገበያ ላይ የፈለገ የፈለገውን ይሽጥ፤ እኔን አያገባኝም።»

ዳሱ፣ ጠረጴዛው፣ ያ አንድ ወይን፣ ሁሉም ውጪ ቀረ። የወይዘሮ የኔዓለም ጎመን ግማሹም አብሮ ወጣ። ጎመኔንስ አለች እሷ። «ጎመንሽ ነጋዴ ሆነ» አሏት። ማድ ቤቱ ግን ወደ ውስጥ ነው የቀረው፤ ሊነቀል አይችል። ለእሱም መላ አላቸው። አጥሩ መሀል ትሪ የሚያሳልፍ ክፍተት ተዉለት። ምግቡ በዚያ ሲያልፍ ገበያ እንደወጣ ይቆጠራል። ይህን ሕግ ሲያብራሩልኝ ፊታቸው ላይ ቀልድ አልነበረም።

ትርንጎ ማድ ቤቱ በር ላይ ቆማ ታያለች። አባቷ ሊያናግሯት አልመጡም፤ እሷም አልሄደችም። ቋሚው ሁሉ ተተክሎ ሲያልቅ ብቻ እሳቸው ወደ በረቱ ሄደው ሰማያዊውን ሰሌዳ ነቀሉት። ጥጃው የላሰውን በጋቢያቸው ጫፍ ጠረጉና አዲሱ አጥር ላይ፣ በውጭ በኩል፣ ሰቀሉት። ተዘቅዝቋል። እሳቸው ማንበብ አይችሉም። ማናችንም አላቃናነውም። ትርንጎ ዳሱ ሥር ገባች፤ ስልኳን አወጣች። የሆቴሉን ባለቤት ጤንነት ጠየቀች፣ የልጆቹን ጠየቀች፣ ዓመቱን መረቀች፤ ከዚያ «ለቦታው ሰው ቢፈልጉለት» አለች። እኔ አጠገቧ ቆሜ አንዲት ቃል ሳልተነፍስ ሰማሁ።

ምሳ ላይ በፒካፕ ሦስት ሰዎች ከቡሬ መጡ። የቅዳሜው ባለ ባርኔጣ ወዳጆች ናቸው፤ እሱ ነው የላካቸው። ከፈሉ። እኔ ነኝ የተቀበልኩት፤ በእጄ፣ በቀን ብርሃን። አያ ሽባባው አጥራቸው ውስጥ ጀርባቸውን ሰጥተው ቆመው ነበር፤ ላለማየት። አንደኛው ሰውዬ ሽንት ቤት የታለ ብሎ ጠየቀ። ሽንት ቤቱ ውስጥ ነው። ትርንጎና እኔ ተያየን። ሰውዬው በሩን አልፎ ገባ፤ ጓደኞቹ ጠብቀው ጠብቀው ተሰላቹ። ሲመለስ ዓይኑ ቀልቷል፣ አንገቱ ድረስ ጠግቧል፣ በእጁ የማር ጠርሙስ ይዟል።

ትርንጎ ሳቀች፤ እንደ አዳማው፣ አጥሩን ተደግፋ። ቀጥላ ለእኔ አንድ ሳህን አመጣችና ዳሱ ሥር አስቀመጠችልኝ። በላሁ። ስጨርስ እጇን ዘረጋች። አላመንኩም። «ገበያ ነው» አለችኝ። ከፈልኩ፤ መልሱንም ቆጥራ ሰጠችኝ። ጓደኛዬን እንደዚያ ወድጃት አላውቅም።

ባጃጁ ሲመጣ አያ ሽባባውን ልሰናበት አዲሱን በር አልፌ ገባሁ። ሳልናገር አስቀመጡኝ። ትሪ ቀረበ። አሁን በልቼ ነው የመጣሁት ብል፣ እሱ ውጪ ነው አሉ። ከጎኔ ቁጭ ብለው እንጀራ ቆረሱ።

«ደወለች?» አሉኝ።

«ደወለች። አልመጣም አለችው።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። ልጃቸው ከአጥሩ ማዶ ዕቃ ስታነሳ ይሰማል፤ እሷን አልጠየቋትም፣ አይጠይቋትምም።

«አንቺስ እዚያ ከማን ጋር ልትኖሪ ነው እንግዲህ?»

ብቻዬን ነኝ ልል አፌን ስከፍት ቡጢ የሚያህል ጉርሻ ከተቱበት፤ እሱን ሳልውጥ ሌላው ደረሰ።